በየቤታችን የተቀመጡ የፊልምና የቪዲዮ ቅርሶች እንዳይጠፉ ምን እናድርግ?

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የሚገኘው በብራና መጻሕፍት ላይ ብቻ አይደለም። የተክሊል ጋብቻ፣ የልጆች ክርስትና፣ የጥምቀት በዓል፣ የቅዳሴ ቤት ምረቃ፣ ዛሬ በአጸደ ነፍስ ያሉ መምህራን ያስተማሩት ትምህርትና ያዜሙት ዜማ በፊልም ጥቅልልና በቪዲዮ ካሴት ተቀርጾ በየምእመናን ቤት ተቀምጧል። ባለቤቶቹ የቤተሰብ ማስታወሻ ብቻ ቢመስላቸውም፣ ፈርሶ እንደገና የታነጸ ቤተ መቅደስ የቀድሞ መልኩ፣ ያረፉ መሪጌታም ድምፅ ምናልባት ከዚያ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም።

እነዚህ ቅርሶች ሳይነኩም ይበላሻሉ። አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይሸበሸባል፤ ይኮማተራል። ሽታው የጥፋቱ ምልክት ነው፤ በአጠገቡ ያለውንም ፊልም ያበላሻል። በቪዲዮ ካሴት ደግሞ ምስሉን የያዘውን ብናኝ ከክሩ ጋር ያጣበቀው ሙጫ በእርጥበት ይላላል፤ ሻጋታም ይይዘዋል። ከዚህም በላይ ማጫወቻው ራሱ እየጠፋ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የቪኤችኤስ ማጫወቻ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይመረትም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንድናደርግ ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ በምስሉ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ ቦታውንና ዘመኑን ጠይቀን እንጻፍ። ስም የሌለው ምስል ለልጅ ልጅ የእንግዳ ሰው ምስል ነውና።

ሁለተኛ፣ ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀን በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ እናስቀምጥ። ካሴት እንደ መጽሐፍ ይቁም እንጂ አይደራረብ። በቪኤችኤስ ካሴት ጀርባ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ከተሰበረች በስሕተት በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳ ትከላከላለች።

ሦስተኛ፣ የሻገተውን ካሴት አናጫውት፤ የተኮማተረውን ፊልም በአሮጌ ፕሮጀክተር አናሳይ፤ ይቀደዳልና። ፊልም እያንዳንዱ ምስል በየተራ በስካነር ሊነሣ ይገባዋል። ካሴት ግን እየተጫወተ ስለሚገለበጥ የሁለት ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ለባለሙያ ስንሰጥ ዋናው እንዲመለስልን አስቀድመን እንስማማ፤ ከተገለበጠም በኋላ አንጣለው።

አራተኛ፣ ቅጂው ቢያንስ ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጥ፤ አንዱም በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ይኑር። አንድ ፍላሽ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ይህ አሠራር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠዋል። ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል።

የየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት የምእመናንን ካሴቶች መዝግቦ በኅብረት ቢያስገለብጥ ወጪውም ድካሙም ይቀልላል። ሆኖም የባለቤቶቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ በተለይም የቀብርና የምሥጢራት አፈጻጸም ምስል፣ በማኅበራዊ መገናኛ ሊለቀቅ አይገባም።

ጌታችን አምስቱን እንጀራ ባበረከተ ጊዜ የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዟል። እኛም ከአባቶቻችን ድምፅና መልክ የተረፈውን ዛሬውኑ እንሰብስብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር