ግሽ ዓባይ፦ በባዶ ሆድ የሚደረስበት ምንጭ

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ የዘንገናን ሐይቅ አልፈው ጥሊሊ ሲደርሱ ወደ ሰከላ የሚገነጠል መንገድ ያገኛሉ። መድረሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ነው።

የግልገል ዓባይ መነሻ የሆነችው ምንጭ ትንሽ ናት። ትልቁን ወንዝ እያሰቡ የሚሄዱ ልጆች «ይቺ ናት እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ስፔናዊው የካቶሊክ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ያያት እርሷን ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ «ቀዳሚው እኔ ነኝ» ቢልም፣ ፓኤዝ 152 ዓመት ቀድሞታል።

ለአገሬው ግን ቦታው ከሁሉ በፊት ጠበል ነው። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደተረከቧቸው ይተረካል። በዓላቸው ጥር 13 ቀን ሲከበር ምእመናን ከየአቅጣጫው ይመጣሉ።

ታዲያ ለጉብኝትም ይሂዱ ለበረከት፣ ወደ ጠበሉ የሚጠጋ ሰው እህል ሳይቀምስ መሆን አለበት። ስለዚህ ማልደው ይነሡ። መጾም የማይችል ሕፃን ወይም መድኃኒት የሚወስድ አዛውንት ካለ፣ ያለ ምግብ አያቆዩት፤ አንዳችሁ አብራችሁት ውጭ ቆዩና በተራ ግቡ። ነጠላ ይያዙ፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ካህናቱን ያስፈቅዱ።

አገልግሉን ለመልስ ያቆዩት። ዘንገና ዳር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሲፈታ ምሳው ይበልጥ ይጣፍጣል።