የመሬት ፕላን የተነደፈበት ኮምፒዩተር በሚለወጥበት ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የመሬት ፕላን በወረቀት ላይ በቀለም ይነደፍ በነበረበት ዘመን፥ ወረቀቱ ቢያረጅም እንኳ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ሊመለከተው ይቻለው ነበር። በኮምፒዩተር የተነደፈ ፕላን ግን እንዲህ አይደለም። ንድፉን የሚያነብ ፕሮግራም፥ ፕሮግራሙንም የሚያንቀሳቅስ ኮምፒዩተር ካልተገኙ፥ ፋይሉ በእጅ ሳለ ምስክርነቱ ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር ወጥቶ አዲሱ በሚገባበት ጊዜ የአገር ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት ስለ ዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ስላለው የሕዝብ ይዞታ ሊያስቡ ይገባል።

የችግሩ ምክንያት ሦስት ነው።

መጀመሪያ፥ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ አይሰሙም። ለሰን ወይም ለሲሊኮን ግራፊክስ ዎርክስቴሽን የተሠራ ፕሮግራም በኢንቴል ኮምፒዩተር ላይ እንዲሁ አይሠራም። አውቶካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም በ1982 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወጥቶ ለልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ይዘጋጅ ነበር፤ በ1997 የወጣው 14ኛው እትም ግን ለዊንዶውስ ብቻ ሆነ። ደግሞም ባለ64 ቢት ዊንዶውስ በ16 ቢት የተጻፈውን ያለፈ ዘመን ፕሮግራም አይቀበልም።

ሁለተኛ፥ ፋይሉም ራሱ እንደ ፕሮግራሙ እትም ይለያያል። አዲሱ እትም የቀደመውን ያነባል፤ የቀደመው ግን አዲሱን አያነብም። የአውቶካድ ፋይል በየትኛው እትም እንደ ተቀመጠ በመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች ይታወቃል፤ ለምሳሌ ኤሲ1009 የሚለው የ11ኛውንና የ12ኛውን እትም ያመለክታል።

ሦስተኛውና በአገራችን የሚብሰው የፊደል ነገር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሥርዓት የገባው በ1999 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፥ የአማርኛ ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ተተክተው ይጻፉ ነበር። እንግዲህ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ፕላኑ ሲከፈት፥ መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ጽሕፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ በአዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በሳንሱሲ ሰፈር ጎኖቹ 10 በ17.5 ሜትር፥ ስፋቱም 175 ካሬ ሜትር የሆነ ይዞታ አለ እንበል። ፕላኑ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የባለይዞታውና የአዋሳኞቹ ስም ተበላሽቶ ቢወጣ፥ ወሰኑ የማንና የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በሜትር የተነደፈውም በኢንች ቢቆጠር 10 ሜትር የነበረው ጎን 25.4 ሳንቲሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለው ስሕተት ጉልህ ስለ ሆነ ቶሎ ይያዛል፤ ከተጻፈው ልክ አንድ ቁጥር ብቻ ቢጠፋ ግን ሳይታወቅ ቆይቶ ጎረቤትና ጎረቤትን ፍርድ ቤት ያቆማል።

ስለዚህ የሚከተለው ሊፈጸም ይገባል።

አንደኛ፥ አዲሱ ኮምፒዩተር ተፈትኖ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው አይሰጥ፥ አይሸጥም። አንዳንዱ የቀድሞ ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ ጀርባ የሚሰካ ቁልፍ ስላለው፥ ያ ቁልፍ እንደ ማኅተም ይጠበቅ።

ሁለተኛ፥ ከፋይሉ ጋራ የተጻፈበት ፎንት አብሮ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፥ ዋናው ፋይል ሳይነካ፥ ቅጂው ዲኤክስኤፍ በሚባለው በግልጥ ጽሕፈት በተሠራ መልክ ይውጣ፤ ይህን ብዙ ዓይነት የንድፍ ፕሮግራሞች ያነቡታልና። ከዚህም ጋራ በወረቀት ታትሞ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ።

አራተኛ፥ የቀድሞው ፕሮግራም የግድ ሲያስፈልግ ኢሙሌተር በሚባል፥ አዲሱን ኮምፒዩተር እንደ አሮጌው በሚያደርግ ፕሮግራም ውስጥ ሊሠራ ይቻላል።

አምስተኛ፥ ከተዛወሩት ፕላኖች ጥቂቱ ተመርጦ የጎኑ ርዝመት፥ ስፋቱና የማዕዘኖቹ ቁጥር በወረቀት ካለው ጋራ ይመሳከር፤ ያመሳከረውም ሠራተኛ ይፈርምበት።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 818 የከተማ መሬት ይዞታ እየተረጋገጠ እንዲመዘገብ ከደነገገ ወዲህ፥ የቆየ ፕላን ለማስረጃ መፈለጉ በዝቷል። ባለይዞታውም ፕላኑ በመንግሥት እጅ አለ ብሎ ስለሚታመን፥ የራሱን ቅጂ በወረቀት አሳትሞ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ኮምፒዩተር በጥቂት ዓመት ያረጃል፤ የወሰን ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ዕቃው በተለወጠ ቁጥር ፕላኑን ማሻገር የሹሙ ግዴታ ነው።