አሮጌው የብረት ሙሌት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ፍራንክፈርት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ዛሬ ጥርሷን ለማስሞላት ብትሄድ አማልጋም የሚባለው የብረት ሙሌት አይደረግላትም። የአውሮፓ ኅብረት ለየት ያለ የሕክምና ምክንያት ከሌለ በቀር ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከልክሎታል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዋሽንግተን ላለው ወንድሟ ግን ሐኪሙ አሁንም በዚያው ብርማ ሙሌት ሊሞላለት ይችላል። ሁለቱም አፍ ውስጥ ከድሮ የቀረ አማልጋም ካለ፣ የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ነገር ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የአማልጋም ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ሰው ሲያኝክ ወይም ጥርሱን ሲያፋጭ ጥቂት የሜርኩሪ እንፋሎት ይወጣል፤ ሳንባም ያንን ይቀበላል። ጠቡም የቆየ ነው። በ1840ዎቹ የአሜሪካ የጥርስ ቀዳጅ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን አማልጋም እንዳይጠቀሙ ቃል ያስገባ ነበር፤ በዚሁ ጭቅጭቅ ተዳክሞ በ1856 ፈረሰ።

የዛሬው እገዳ ዋና ምክንያት ግን አካባቢ ነው። ከክሊኒክ ፍሳሽና ከአስከሬን ማቃጠያ የሚወጣው ሜርኩሪ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ዓሣ ይሻገራል። ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስሙን የወሰደው ሚናማታ ከተባለችው የጃፓን ከተማ ነው፤ እዚያ ከፋብሪካ የተለቀቀ ሜርኩሪ ዓሣ በሊታውን ሕዝብ መርዟል።

ታዲያ ማስወጣት ያድናል? ይህን በቀጥታ የፈተነ ጥናት በጀርመን ተደርጎ በ2008 ታትሟል። ሕመማቸው ከሙሌቱ የመጣ እንደሆነ የሚያምኑ 90 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ሙሌቱን አስወጣ፤ ሁለተኛው አስወጥቶ ሜርኩሪውን ያጥባል የተባለ ቫይታሚንና ማዕድን ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም ሳያስወጣ አኗኗሩን የሚያስተካክል ሥልጠና ተከታተለ። ከ12 ወር በኋላ ያስወጡት ሰዎች ሰውነት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ቀንሷል። ሕመሙ ግን የቀለለው በሦስቱም ቡድኖች ነው፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የሰዎቹ ስቃይ እውነት ነበር። ሆኖም እፎይታው ከመሰርሰሪያው መጣ ለማለት አያስደፍርም።

በ2006 ይፋ የሆኑት የሊዝበንና የኒው ኢንግላንድ ጥናቶች ደግሞ ከ1,000 በላይ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለዋል። አማልጋም የተደረገላቸው ልጆች ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ በአእምሮ ብቃታቸው ላይ ግን ጉዳት አልታየም።

ማስወጣቱ ራሱም ዋጋ አለው። መሰርሰሪያው ብረቱን ሲያግል፣ ተቀምጦ ከሚተነው የበለጠ እንፋሎት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ጥርሱን በላስቲክ ሽፋን ይለያል፣ ውኃ እያፈሰሰ ሙሌቱን በትልልቁ ቆርጦ ያወጣል፣ ኃይለኛ መምጠጫም ከአጠገቡ አይለይም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከሙሌቱ ጋር ጤነኛ ጥርስ ይሄዳል። በምትኩ የሚገባው ነጭ ሙሌት በመንጋጋ ጥርስ ላይ ከአማልጋም ቀድሞ የመበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያኔ እንደገና መሰርሰር ይመጣል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 ያወጣው ምክር በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ሚዛናዊ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የኩላሊት ወይም የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አዲስ አማልጋም ባይደረግላቸው ይመረጣል። ደኅና የተቀመጠውን አሮጌ ሙሌት ግን ሕክምናው ካላስገደደ አታስነቅሉ ይላል። የሚያስገድዱ ምክንያቶችም አሉ፦ ሙሌቱ ተሰንጥቆ ወይም ከሥሩ ጥርሱ በልዞ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ለሜርኩሪ አለርጂ ሊኖረው ይችላል፤ ወይም ሙሌቱ የሚነካው የጉንጭ ሥጋ ነጭ መስመር አውጥቶ ይቆስላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ “ሁሉም ይውጣ” የሚል ሐኪም ቢገጥምዎ ስንጥቁን ወይም ብልዘቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ማሳየት ካልቻለ ሌላ ሐኪም ሳያማክሩ አፍዎን አይክፈቱለት።