ሀገር ፍቅር፦ ከአደባባይ ንግግር እስከ ቋሚ መድረክ

የደቡብ ጎንደሯ አንበሳሜ ሰው የመድረክ ቴአትር ማየት ሲያምረው በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል እዚያ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ የሚያስታውሰው የኪነት ቡድኖቹን ነው፦ የወሎውን ላሊበላ፣ የጎንደሩን ፋሲለደስ፣ የጎጃሙን ግሽ ዓባይ። ዘፈን፣ ውዝዋዜና ድራማ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኖረው ይህ አሠራር ሥሩ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ካለው ሀገር ፍቅር ቴአትር ይመዘዛል።

ሀገር ፍቅር ሲመሠረት ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረም። በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣሊያን ወታደሮች መካከል ተኩስ ከተከፈተ በኋላ የጣሊያን ወረራ እንደማይቀር ታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ሥራው ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቦ በንግግር መቀስቀስ ነበር፤ እያደር ሙዚቃና ትርኢት ታከለበት። ወረራው ሁሉንም ዘጋው፤ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተነሣ፤ እያደርም ቴአትር ቤት ሆነ።

ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት የቴአትር ዕድል የከፋ ነበር። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ»ን አሳዩ፤ እንስሳቱ የሹማምንቱን ጉድ ስለሚናገሩ ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፣ መድረኩም ለዓመታት ጭር አለ። የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ባያቆዩት ኖሮ ጥበቡ ከዚያው በቀረ ነበር። እንግዲህ ሀገር ፍቅር የወረሰው የቅኔ ቤቱን ቃል፣ የአዝማሪውን ማሲንቆና ከውጭ የመጣውን ድርሰት በአንድነት ነው። ለእኔ ትልቁ ብልኃቱ ሦስቱን አለመለያየቱ ነው። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር፤ እነ አስናቀች ወርቁ መጥተው ያን ታሪክ ቀየሩት።

ሀገር ፍቅር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ክፍለ ሀገርም ይወጣ ነበር። አንድ ጊዜ እነ ኢዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሄደው ዝግጅት አቀረቡ። ጥላሁን ገሠሠ የሚባል ተማሪ ኢዮኤልን ቀርቦ ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው፤ ኢዮኤልም «አዲስ አበባ ና» አለው። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ በእግሩ ወጣ፤ ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አድሮ ተይዞ ተመለሰ። አላረፈም፤ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባና መጀመሪያ የተቀጠረው እዚያው ሀገር ፍቅር ነው። አንድ ቡድን አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ገብቶ ባይወጣ ኖሮ ያን ድምፅ ማን ይሰማው ነበር?

ዛሬ ቴአትር ቤቱ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። ተዋንያኑ፣ ሙዚቀኞቹና ተወዛዋዦቹ የወር ደመወዝተኞች ናቸው። አንድ ተውኔት የሳምንት ቋሚ ቀን ይሰጠውና ተመልካች እስካላጣ ድረስ ለወራት ይታያል፤ በሌላው ቀን ሌላ ተውኔት ይወጣል። ተዋናዩ ገጸ ባሕርዩን ደጋግሞ የሚያጣራው፣ ተመልካቹም «ቅዳሜ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የሚለምደው በዚህ ነው።

ወደ ክፍለ ሀገር የወረደው ግን ይበልጡን ዘፈኑና ውዝዋዜው ነው፤ ድራማው የበዓል ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል። ይህ ያንገበግበኛል። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው «ቴዎድሮስ»ን ለመድረክ ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዓፄ ቴዎድሮስ ላይ ተውኔት ጽፏል። የንጉሡ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት ደግሞ ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ነው። ደብረ ታቦር ቋሚ ተዋንያንና የሳምንት አንድ የቴአትር ቀን ቢኖራት፣ የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ ሳይጠበቅ በእጅ አለ።