ዓይኑ ለደከመ ተመልካች የትኛው ቴሌቪዥን?

የአባት ወይም የእናት ዓይን ሲደክም ልጆች ቶሎ የሚያስቡት ትልቅ ቴሌቪዥን መግዛት ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ግን ከኢንቹ በፊት ወንበሩ ይታይ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ምስሉ ለዓይን በእጥፍ ይገዝፋል። 43 ኢንች ቴሌቪዥንን በ2 ሜትር ርቀት ማየት፣ 86 ኢንቹን ከ4 ሜትር ላይ እንደማየት ነው። ወንበር ማስጠጋት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። «ተጠግቶ ማየት ዓይን ያጠፋል» የሚባለውም ልማድ እንጂ እውነት አይደለም።

4ኬ የተባለው ስክሪን ዋጋ የሚያወጣውም ተጠግቶ ለሚያይ ሰው ነው። ነጥቦቹ 3840 በ2160 ስለሆኑ የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ይሆናሉ፤ ከሩቅ ብዙ የማይለየው ጥራት ከቅርብ ይለያል።

ዋናው ጉዳይ ግን ኮንትራስት ነው፤ ስክሪኑ ጥቁሩን ከነጩ ምን ያህል አራርቆ ያሳያል የሚለው። ግላኮማም ሆነ የዓይን ሞራ ተቀራራቢ ቀለሞችን የመለየት አቅምን ይቀንሳሉ። ጥቁር ኮት የለበሰ ተዋናይ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሲቆም፣ ተመልካቹ የሚያየው ፊቱንና እጁን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ተራው ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከጀርባው መብራት አለው። ጥቁር ለማሳየት ያንን መብራት ይጋርደዋል፤ ጥቂት ብርሃን ማምለጡ ግን አይቀርም። አይፒኤስ የተባለው ፓነል ኮንትራስቱ 1,000 ለ1 አካባቢ ሲሆን፣ ቪኤ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ለ1 ይበልጣል። ታዲያ ቪኤ ይሻላል? ከመሃል ለሚያይ አዎ። ከጎን ሲያዩት ግን ይደበዝዛል፤ በጣም የተጠጋ ሰው ደግሞ የስክሪኑን ዳርና ዳር የሚያየው አግድሞ ነው። ኦሌድ የተባለው ስክሪን ኮንትራስቱንና የጎን እይታውን ያስታርቃል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚበራ፣ ጥቁር በሚሆንበት ቦታ ጭራሽ ይጠፋል። ኪስ ከፈቀደ ምርጫው እሱ ነው። ፀሐይ የሚገባበት ሳሎን ላለው ግን ደማቅ ኤልኢዲ ይበጃል፤ የትኛውም ቢገዛ ከመስኮት ፊት ለፊት አይቀመጥ።

ትልቅ ስክሪን ለሁሉም አይበጅም። ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ የተባለው የዓይን ሕመም ወይም የከፋ ግላኮማ የዳር እይታን ያጠብባል፤ ሰውየው በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ይሆናል። ለእሱ መካከለኛ ስክሪን፣ ራቅ ብሎ፣ ይሻላል።

ቦስተን በሚገኘው ሼፐንስ የዓይን ምርምር ተቋም፣ ኤሊ ፔሊ የተባሉ ተመራማሪ የነገሮችን ጠርዝ በማጉላት ምስልን ለደካማ ዓይን ማቅለል ይቻል እንደሆነ ለዓመታት አጥንተዋል። ሳምሰንግም ሬሉሚኖ የተሰኘውን ተመሳሳይ ስልት በአንዳንድ ቴሌቪዥኖቹ ላይ ጨምሯል። ምናሌውን በድምፅ የሚያነብ አገልግሎትም በብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ አለ፤ የዲሽ ሪሲቨሩን ምናሌ ግን አያነብም። ይህን ሻጮች እምብዛም አይናገሩም።

ሱቅ ውስጥ ያለው ድምቀት አያታልል፤ ለማሳያ ተብሎ እስከ መጨረሻው የተጨመረ ነው። ሻጩ ወደ ቤት ሴቲንግ እንዲመልሰው ይጠየቅ፤ ኳስ ይከፈት፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ውጤት የሚያነበውም ቴሌቪዥኑ የሚገዛለት ሰው ራሱ ይሁን። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ምስሉን የሚያደበዝዘው የኃይል ቆጣቢ ሴቲንግ ይጥፋ።

እ.ኤ.አ. በ2005/06 በኢትዮጵያ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ደካማ እይታ ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹን ያጠቃው የዓይን ሞራና በመነጽር የሚስተካከል ጉድለት ሆኖ ተገኝቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ወላጅዎን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱ።