የመምህሩ ድካምና የእርጅናው ስንቅ

ልጅን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት የወላጅ ሁሉ ምኞት ነው። ለዚህም ሲል ወላጅ ከጉርሱ ቀንሶ የትምህርት ይከፍላል፤ ልጁ ኮሌጅ በገባ ዕለትም ደስታው ወሰን የለውም። ነገር ግን ልጃችንን የሚያስተምረው ሰው ራሱ በምን እንደሚተዳደር፣ ጉልበቱ በደከመ ጊዜስ በምን እንደሚጦር መጠየቅን እምብዛም አልለመድነውም። በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንናገር አስበናል። የምንናገረውም ችግሩ ገንኖ ስለሚታይበት ስለ አሜሪካ፣ ይልቁንም ስለ ካሊፎርኒያ ነው፤ በዚያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ይህን ሥራ የያዙ፣ ልጆቻቸውም ወደዚሁ ሥራ የሚያዘነብሉ አይታጡምና። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ2013 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ አንዲት የ83 ዓመት ሴት መምህር ዐረፉ። እኒህ ሴት በአንድ ዩኒቨርሲቲ 25 ዓመት ያህል የፈረንሳይኛ ቋንቋ አስተምረዋል። ሆኖም የሚያስተምሩት በየጊዜው በሚታደስ አጭር ውል ስለ ነበረ ከሥራቸው ጋር የጤና መድን አልነበራቸውም፤ ውሉ ሳይታደስ በቀረ ጊዜም ከዩኒቨርሲቲው የሚያገኙት የጡረታ አበል አልነበረም። በመጨረሻው ዘመናቸው ከካንሰር በሽታ ጋር ሲታገሉ የቤታቸውን ወጪ መሸፈን እንኳ ተስኗቸው ነበር። ዜናው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ ያሉ እንደ እሳቸው የተቀጠሩ መምህራን የራሳቸውን መጪ ዘመን በእሳቸው አይተው ደነገጡ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተለወጠ

የትርፍ ሰዓት መምህር መቅጠር በመሠረቱ ክፉ ነገር አይደለም። ቀን በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ በመሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚይዝ ባለሙያ፣ ወይም በፍርድ ቤት የሚከራከር ጠበቃ ማታ አንዲት ክፍል ቢያስተምሩ ተማሪው ከሙያው ምንጭ ይቀዳል፤ መምህሩም ቢሆን መድኑና ጡረታው በቀን ሥራው በኩል ስለሚጠበቅለት አይጎዳም። ኮሌጆችም የተማሪው ቁጥር ከመንፈቀ ዓመት ወደ መንፈቀ ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ በጀታቸውም ስለማይጸና ሁሉን በቋሚነት ለመቅጠር እንደማይችሉ ይናገራሉ። ይህ ምክንያት ከንቱ ነው አንልም።

ነገር ግን ቅመም የነበረው ነገር ዛሬ እንጀራው ራሱ ሆኗል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር እንዳስታወቀው፣ በ1987 በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ካሉት መምህራን በጊዜያዊ ውል የሚሠሩት 47 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ2021 ግን 68 ከመቶ ያህል ደርሰዋል። ካሊፎርኒያ በ1988 ባወጣው ሕግ በሕዝብ ኮሌጆቹ ከሚሰጠው ትምህርት 75 ከመቶው በሙሉ ጊዜ መምህራን እንዲሰጥ ግብ አድርጎ ነበር፤ ይህ ግብ በክፍለ ግዛቱ አጠቃላይ ሒሳብ ከዚያ ወዲህ አልተደረሰበትም። እንግዲህ የትርፍ ሰዓት መምህር የተባለው ሰው ለብዙው ተማሪ ዋና መምህሩ ነው። ስሙ የትርፍ ሰዓት ቢባልም ከእነዚህ መምህራን ብዙዎቹ ትርፍ የሚሉት ሰዓት የላቸውም።

ስለ ሰዓት አቆጣጠር

በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት የትርፍ ሰዓት መምህር በአንድ የኮሌጅ ወረዳ ውስጥ ከሙሉ ጊዜ መምህር የሥራ ጫና ከ67 ከመቶ በላይ ማስተማር አይፈቀድለትም። ይህም እስከ 2008 ድረስ 60 ከመቶ ነበር። ሙሉ ጫናው በሳምንት 15 የክፍል ሰዓት ነው ብንል፣ ባለ ሦስት ሰዓት ትምህርት የሚያስተምር ሰው ከሦስት ክፍል፣ ማለት ከ9 ሰዓት በላይ ሊይዝ አይችልም። ቤተሰብ ያለው ሰው በዚህ መኖር ስለማይሆንለት ወደ ሌላው ወረዳ ሄዶ ሌላ 9 ሰዓት ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ 18 ሰዓት ይሆናሉ። እንግዲህ ከሙሉ ጊዜ መምህሩ አብልጦ ያስተምራል፤ በሁለቱም ኮሌጆች ግን የሚቆጠረው የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ተብሎ ነው። ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው በመኪና ሲከንፍ የሚጠፋውን ጊዜና ቤንዚን የሚከፍለው የለም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የማይታየው ሥራ ነው። መምህር የሚሠራው ክፍል ውስጥ በቆመበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ትምህርቱን ያዘጋጃል፤ የተማሪውን ጽሑፍ ያርማል፤ የደከመውን ተማሪ ለብቻው ያስረዳል፤ ሌሊት የተላከለትን ጥያቄ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ምን ያህል ሰዓት ይቆጠር የሚለውን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ራሱ በሁለት ልዩ ልዩ ሚዛን መዝኖታል። በ2014 የወጣው የጤና መድን ደንብ ለኮሌጆች በፈቀደው ስሌት አንድ የክፍል ሰዓት እንደ 2.25 የሥራ ሰዓት ይቆጠራል። በዚህ ሚዛን በሳምንት 9 ሰዓት የሚያስተምር ሰው 20.25 ሰዓት ሠራ ይባላል፤ አሠሪው መድን እንዲያቀርብ ከሚገደድበት ከ30 ሰዓትም በታች ይቀራል። በሕዝብ አገልግሎት ለሚሠሩ ሰዎች የተማሪነት ዕዳን ስለ መሰረዝ የወጣውና ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የጸናው ደንብ ግን አንዱን የክፍል ሰዓት ቢያንስ 3.35 ሰዓት ያደርገዋል። በዚህኛው ሚዛን ያው ሰው፣ ያንኑ 9 ሰዓት አስተምሮ፣ 30.15 ሰዓት ስለ ሠራ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው። ሰውየው አንድ፣ ሥራውም አንድ ሲሆን ሚዛኑ ግን ሁለት ሆነ። ሥራው በእውነተኛ ሚዛን ካልተመዘነ ደመወዙም፣ መድኑም፣ ጡረታውም ተከትሎ ይጎድላል። የክርክሩ ሥር ይኸው ነው።

ስለ ጡረታ

የደመወዝ ጉድለት በየወሩ ስለሚሰማ ሰው ቶሎ ያውቀዋል፤ የጡረታ ጉድለት ግን ከ30 ዓመት በኋላ የሚነቃ ሌባ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን በዚህ ላይ ልብ እንዲሉ እንለምናለን።

በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲወጣ የክፍለ ግዛትና የከተማ መንግሥታት ሠራተኞች ከውጭ ቀርተው ነበር። በኋላ በ1990 በተደነገገ ሕግ፣ ከሐምሌ 1991 ጀምሮ በመንግሥታዊ የጡረታ ሥርዓት ያልተሸፈነ ሠራተኛ ሁሉ በሶሻል ሴኩሪቲ እንዲገባ ታዘዘ። ነገር ግን አሠሪው በምትኩ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ እንዲያቆም ደንቡ ይፈቅዳል። በሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኛው 6.2 ከመቶ፣ አሠሪውም 6.2 ከመቶ፣ በድምሩ 12.4 ከመቶ ሲከፍሉ፣ በምትኩ ሒሳብ ግን ከደመወዙ 7.5 ከመቶ መግባቱ ይበቃል፤ ይህም እንዳለ ከሠራተኛው ኪስ ቢወጣ ደንቡ አይከለክልም። ሶሻል ሴኩሪቲ እስከ ዕለተ ሞት የሚከፈል አበል አለው፤ ለአካል ጉዳትም፣ ለሟች ልጆችና ለትዳር ጓደኛም ይደርሳል። የምትኩ ሒሳብ ግን የተጠራቀመው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ካለቀ አለቀ።

በካሊፎርኒያ ካልስተርስ የሚባል በ1913 የተቋቋመ የመምህራን ጡረታ አለ። በዚህ ሥርዓት የጡረታ መብት የሚጸናው የ5 ዓመት አገልግሎት ሲሞላ ነው። በግማሽ ጫና የሚያስተምር ሰው በዓመት የሚቆጠርለት ግማሽ ዓመት ስለሆነ 5 ዓመቱን ለመሙላት 10 ዓመት ይፈጅበታል። ከ2013 ወዲህ የገባ ሰው 20 ዓመት በግማሽ ጫና አስተምሮ በ62 ዓመቱ ቢወጣ የሚቆጠርለት 10 ዓመት ነው፤ በየዓመቱ 2 ከመቶ ሲታሰብ አበሉ ለስሌቱ ከሚያዘው የሙሉ ጊዜ ደመወዝ 20 ከመቶ ይሆናል። ይህ ብዙ ባይሆንም ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነው። ጥቂት ሰዓት ለሚያስተምሩትም እዚያው ካልስተርስ ውስጥ ሠራተኛውና አሠሪው በጋራ የሚያዋጡበት ሌላ የቁጠባ ጡረታ አለ። የትኛው እንደሚቀርብ ግን ከወረዳ ወረዳ ይለያያል።

ደግሞም በካልስተርስ ከሚሸፈን ደመወዝ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ አይቆረጥም። ቀድሞ ሌላ ሥራ ሠርቶ ሶሻል ሴኩሪቲ የከፈለ መምህር ሁለቱን ጡረታ ሲይዝ አንዱ ይቀነስበት ነበር፤ ይህን ቅነሳ የሚያስቀረው ሕግ በጥር 5 ቀን 2025 ተፈርሟል። አስቀድመው ተስፋ የቆረጡ አረጋውያን ካሉ ጉዳያቸውን እንደ ገና ቢያስመረምሩ ይበጃቸዋል።

የተሻለ መንገድ አለን?

አለ። በካናዳ በቫንኩቨር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሙሉ ጊዜውም የትርፍ ሰዓቱም መምህር በአንድ የደመወዝ እርከን ላይ ይቆማሉ። ግማሹን የሚሠራ የዚያኑ እርከን ግማሽ ያገኛል፤ ከግማሽ ጫና ሳያንስ ሁለት ዓመት ያህል ያገለገለም ቋሚነት ያገኛል። ይህን ያመጡት መምህራኑ በማኅበራቸው አማካይነት በየጊዜው በተደራደሩት ውል ነው። በካሊፎርኒያም ቢሆን በ2022 በጀት ለትርፍ ሰዓት መምህራን የጤና መድን ማገዣ በየዓመቱ 200 ሚሊዮን ዶላር የተጨመረው ማኅበራቱ ለብዙ ዓመታት ሳይታክቱ ስለ ጠየቁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት እንዲህ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ከቤታችሁ ይህን ሥራ የያዘ ሰው ካለ፣ በተቀጠረበት ቀን «ጡረታዬ በየትኛው ሥርዓት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ምከሩት። በካልስተርስ ለመግባት ራሱ መርጦ መፈረም የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ነውና፣ ባለመጠየቅ ያለፈው ዓመት በከንቱ ይቀራል። በሁለትና በሦስት ወረዳ የሚያስተምርም ከሆነ የውሉንና የደመወዙን ወረቀት ሁሉ በአንድ መዝገብ ያኑር፤ በየዓመቱ የሚደርሰውንም የአገልግሎት ቁጥር ከዚያ ጋር ያስተያይ። ሥራ በለወጠ ጊዜ ጥቂት ናት ብሎ የጡረታውን ገንዘብ አውጥቶ አያጥፋት። በሁለት መንፈቀ ዓመት መካከል ሥራ ሲያጣም አይፈር፤ በተማሪ ቁጥርና በበጀት ላይ የተንጠለጠለ ቀጠሮ የሥራ ዋስትና እንዳልሆነ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1989 ስለ ፈረደ የሥራ አጥነት አበል ሊጠይቅ ይችላል።

ልጆቻችሁን ኮሌጅ የምትልኩ ወላጆችም የትምህርት ዋጋ ስንት ነው ብላችሁ በጠየቃችሁበት አንደበት፣ ከመምህራኑ ስንቱ ቋሚ ናቸው፣ የቀሩትስ እንዴት ይከፈላቸዋል ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ከተማ መካከል ሲሮጥ የሚውል መምህር ልጃችሁን ቆሞ ለማነጋገር ጊዜ የለውም። ስለዚህ የመምህሩ ጉዳይ የመምህሩ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም የልጃችሁም ነው። ሌላውን ሲያበራ የኖረ ሰው በእርጅናው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀመጥ ማሰብ ከእርሱ የተማርን ሁላችን ያለብን ዕዳ ነው።