የአስመጪ ሰነዶች እርስ በርሳቸው እንዴት ይያያዛሉ?

ውሉ የጠፋ ልቃቂት ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ የመርካቶ ሸማ ተራ ነጋዴ ያውቀዋል። የአስመጪ ሰነድም እንዲሁ ነው። ጫፉን የያዘ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ስሕተቱ ካለበት ይደርሳል፤ ጫፉን ያጣ ግን ዕቃው በወደብ ቆሞ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴነር መዘግየት ክፍያ እየተቆጠረበት ከቢሮ ወደ ቢሮ ይመላለሳል።

ዕቃ ከውጭ አገር በኤል ሲ ሲገዛ ሰነዶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተመሠረቱ ይመጣሉ። በመጀመሪያ ሻጩ ፕሮፎርማ ይልካል፤ ባንኩም በዚሁ መሠረት ኤል ሲ ይከፍታል። ዕቃው ሲጫን ሻጩ የንግድ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ያዘጋጃል፤ የመርከብ ድርጅቱም የኮንቴነሩ ቁጥር የሰፈረበትን ቢል ኦፍ ሎዲንግ ይሰጣል። በመጨረሻ ትራንዚተሩ የእነዚህን ሁሉ ፍሬ ነገር በዲክላራሲዮን አጠቃልሎ ለጉምሩክ ያቀርባል። ስለዚህ አብዛኛው ሰነድ ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንደኛው የራሱ መጠሪያ ሲሆን ሁለተኛው ከሌላው ሰነድ ጋር የሚያገናኘው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት፥ ነጋዴው ቀድሞ ወደ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ይዞ ይዞር የነበረውን ጉዳይ በኮምፒዩተር በአንድ በኩል እንዲያቀርብ አስችሎታል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ይከተላል እንጂ ሊጻፍ የታሰበውን አያውቅም።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ አስመጪ እያንዳንዱ 24 ኪሎ የሚመዝን 400 ጥቅል ጨርቅ አስመጥቶ፥ ክብደቱ አይገጥምም ተባለ እንበል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ዲክላራሲዮኑን ለማስለወጥ ይሮጣል። መንገዱ ግን ይህ አይደለም። ከዲክላራሲዮኑ በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለስ፤ ከዚያም በኮንቴነሩ ቁጥር ወደ ፓኪንግ ሊስቱ ይለፍ። ፓኪንግ ሊስቱ 9,600፥ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ 6,900 ኪሎ የሚል ከሆነ፥ ሁለቱ አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው የተጻፉት በኋለኛው ላይ ነው። እርማቱም የሚጠየቀው ሰነዱን ከሰጠው የመርከብ ድርጅት ወይም ከወኪሉ ነው። ምንጩ ሳይታረም የመጨረሻው ወረቀት ብቻ ቢለወጥ፥ አለመግባባቱ በሌላ ቦታ እንደገና ብቅ ይላል።

ስሕተቱ ከኤል ሲው የመጣ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600 መሠረት፥ ባንክ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። በንግድ ኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃው መግለጫ በኤል ሲው ካለው ጋር መስማማት ይኖርበታል፤ ኤል ሲውም ከፋቹ ባንክና ሻጩ፥ አረጋጋጭ ባንክም ካለ እርሱ ጭምር ሳይስማሙ ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ፕሮፎርማውን ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊት ቃል በቃል መመርመር ከሁሉ የሚቀለው ጥንቃቄ ነው።

ለዚህ ሥራ አንድ የመዝገብ ገጽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጭነት የሰነዱ ስም፥ የራሱ ቁጥር፥ የሚያያዘው ሰነድ ቁጥርና የሰጠው ድርጅት በአራት ዓምድ ይጻፍ። ችግር በተነሣ ጊዜ ነጋዴው ጣቱን በዓምዱ ላይ አስኪዶ፥ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ከሱቁ ሳይወጣ ያውቃል።